የአሥራ አራቱ ፈረስ

«ለላላ አሥራ ሁለት ሺህ ተሸጠ እንላታለን። ስድስቱን ስንሰጣት ደስ ይላታል፤ ምን አለባት!»

ቤተሰቡ «ላላ» የሚላት ኤውላሊያ ይህን የሰማችው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከሰገነት ክፍሏ በብረቱ ደረጃ ወደ መታጠቢያው ስትወርድ ነው። የማድ ቤቱ መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ ፌርሚን ነው፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ጭራሽ ይበልጥ እንደሚሰማ እስከ ዛሬ ማንም አልነገረውም። «ብትጠይቅስ?» አለች ሚስቱ ኖኤሚ፣ ስኒ እያጠበች። «ማንን ትጠይቃለች? ላላ ከስፌት መኪናዋ ሌላ ማንን ታውቃለች? ሰውየው ሰኞ ይመጣል፣ ያያል፣ ይከፍላል፤ አለቀ።» ኤውላሊያ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆማ ቀረች። ብረቱ የሚያቃጭለው አራተኛው ላይ ሲረግጡት መሆኑን ስለምታውቅ እግሯን አንስታ መልሳ እዚያው አሳረፈችው። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ላይ ተመለሰች። ፊቷን ሳትታጠብ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

የሚሸጠው ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባታቸው ዶን ሲክስቶ ከሞቱ ስምንት ወራቸው ነው። ቤቱን ቀድሞም በፌርሚን ስም አዙረውታል። ከዚያ ውጭ የተዉት አሮጌ የቆዳ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ሽማግሌው በወጣትነታቸው የትራም ትኬት ቆራጭ ሳሉ ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት፣ ባለ ሁለት ኪስ። ከተሳፋሪ እጅ የተቀበሉትን የብር ፔሶ እየመረጡ፣ ልኩን በራሳቸው ወረቀት ገንዘብ እየተኩ ያስቀሩት ነበር። ቦርሳው ሳሎን ቁምሳጥን ውስጥ ከገበታ ልብሱ ስር ተቀምጧል። «የሁለታችሁ ነው» ብለው ነው የሞቱት፤ ሲሉም ኤውላሊያና ፌርሚን አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ቦርሳው ያነሳ የለም። አለማንሳታቸውን ኤውላሊያ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ እንደ ሐዘን ቆጥራው ነበር። አሁን ግን ዝምታው ሌላ መልክ ያዘባት። ባለፈው ሳምንት ኖኤሚ እራት ላይ ከየት አምጥታ ነው «የሰገነቷ ክፍል እኮ ብትከራይ ሁለት ሺህ ተኩል ታወጣለች» ያለችው? ፌርሚንስ ያን ሲሰማ ለምን ሳህኑን ብቻ አየ?

ሰባት ዓመት ሙሉ ሽማግሌውን አጥባና አብልታ ያስታመመችው እሷ ናት። ከዚያ በፊት ናቲቪታስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የራሷ የስፌት ቤት ነበራት፤ የተማሪ ዩኒፎርም የምታሳጥርበት፣ ዚፕ የምትቀይርበት። ለአባቷ ስትል ዘጋችው። አሁን እዚያው መንገድ ላይ ሁለት በሦስት የሆነች ክፍል ለኪራይ ተለጥፎባት አይታለች፤ የሁለት ወር ቅድሚያ ይፈልጋሉ። ለማንም አልነገረችም። ማታ ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የስፌት መኪናዋን የት እንደምታስቀምጥ፣ መጋረጃውን ምን እንደምታደርገው ታስብ ነበር።

ፌርሚን ወደ ጎሚስታ ቤቱ፣ ኖኤሚ ወደ ገበያ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ወርዳ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ቦርሳው እንደ ሕፃን ከበደ። ውስጡ ሃያ ሦስት የብር ፔሶ ነበር፤ በአንድ ፊታቸው ንስር እባብ ሲበላ፣ በሌላው የፀሐይ ጨረር። በሁለተኛው ኪስ ግን ብቻዋን በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ትልቅ ነበረች፤ ሴት ፈረስ ላይ ተቀምጣ ችቦ ከፍ አድርጋ የያዘችባት። ጨርቁ አዲስ ነው፤ የኖኤሚ የመነጽር መጥረጊያ። ኤውላሊያ ጨርቁን ስታይ ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ እንደሆነ ገባት። ቦርሳውን ከአሮጌ ቀሚሶች ስር ዘንቢል ውስጥ ከተተችው። ግማሹ የራሷ ነው፤ ግን እንደ ሌባ ወደ በሩ ዞራ አየች።

ከሰፈራቸው ከፖርታሌስ ባቡር ጣቢያ ሴቶች የሚሳፈሩበት የፊተኛው ፉርጎ ውስጥ ገብታ ዘንቢሏን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ አንቀላፍታ ወደ ትከሻዋ ስትዘነበል «አውቃ ነው» አለች በሆዷ። ማስቲካ የሚሸጠው ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ሁለቱንም ጊዜ ዘንቢሏን አየ መሰላት። የራሷም መልክ መስታወቱ ላይ ሲታያት አላመነችውም፤ ለካ ስትጠራጠር ኖኤሚን ትመስላለች! በአዬንዴ ጣቢያ ወረደች።

የሳንቲም ነጋዴዎቹ ያሉት ከሁለት ሕንፃዎች መሃል ባለች መተላለፊያ ውስጥ ነው። አባቷ እሁድ እሁድ እዚህ ይመጡ እንደነበር ታውቃለች፤ እሷ ግን ገብታ አታውቅም። የዕለቱ ምንዛሪ በየበሩ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ ዶላር ይህን ያህል፣ ዩሮ ይህን ያህል፣ የወርቅ ሃምሳ ፔሶ ደግሞ ኤውላሊያ ሁለት ጊዜ ያነበበችው ያህል። ከሱቆቹ ሁሉ የተወለወለውን መረጠች። ባለቤቱ ሴኞር ባልታሳር ሽበታም ነው፤ ሰደርያ ለብሷል፣ ጥፍሮቹ ንጹሕ ናቸው። ወንበር ሳበላት። ውሃ በብርጭቆ አቀረበላት። «አይዞዎት፣ በእርጋታ ሴኞራ» አላት። ሰባት ዓመት ሙሉ ወንበር የሳበላት ሰው እንዳልነበር ትዝ አላት።

ፔሶዎቹን አረንጓዴ ከፋይ በለበሰ ትሪ ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው። «እነዚህ የዕለት ጉርስ ናቸው» አለ፤ «አገሩን የሞሉ። የሚያወጡት የብራቸውን ክብደት ነው።» ጨርቁን ሲፈታ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ። «ይቺ የት ነበረች?»

«የአባቴ ናት። የአባታቸው ነበረች ይሉ ነበር።»

«እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። አቧራ ይዟታል፤ በመብራቱ ልያት።» ከኋላው ካለው መጋረጃ ጀርባ ዘወር አለ። ኤውላሊያ ውሃዋን ሁለት ጊዜ ጎንጨት እስክትል እንኳ አልቆየም። ሲመለስ ራሱ በጨርቁ ጠቅልሎ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «እውነቱን ልንገርዎት። ቆንጆ ናት፣ ግን ብዙ አለች። ለፈረሷ አንድ ሺህ አራት መቶ፣ ለቀሩት ለእያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ሃያ እሰጣለሁ። ግን አይቸኩሉ። ሌላም ቦታ ያሳዩ፣ ይጠይቁ። እኔ ሰው ተጸጽቶ እንዲሸጥልኝ አልፈልግም።»

«ሌላም ቦታ ያሳዩ» ማለቱ አንጀቷን አራሰው። አጭበርባሪ እንዲህ ይላል? አመስግናው ወጣች። ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ግን ቆመች። በልቧ ደመረችው፤ ዩኒፎርም ስታስከፍል የለመደችው ነው። ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሺህ አራት መቶ ስልሳ። ታዲያ ፌርሚን ለምን አሥራ ሁለት ሺህ እንላታለን አለ? ሰው ሲዋሽ ዝቅ አድርጎ ነው እንጂ በእጥፍ ከፍ አድርጎ ማን ይዋሻል? ወይ ወንድሟ አብዷል፣ ወይ አንዱ እየቀጠፈ ነው። የሚቀጥፈው ወንበር የሳበላት ሰው ነው ብሎ ግን ልቧ ሊያስብ አልፈለገም።

መተላለፊያው መጨረሻ ላይ፣ ደረጃው ስር፣ ከቁምሳጥን የማትሰፋ ሱቅ ነበረች። ዶኛ ቶማሳ የምትባል ወፍራም ሴትዮ ሽርጥ ታጥቃ፣ በአንድ እጇ ሳንድዊች እየገመጠች በሌላው ደንበኛ ታስተናግዳለች። ደንበኛው ኮት የለበሰ ሰውዬ ነው፤ አንዲት ባለ ሃያ ፔሶ ሳንቲም በሁለት ጣቱ እንደ ቁርባን ይዟል።

«ኢንተርኔት ላይ ሁለት መቶ ሺህ ይላል» አለ።

«ኢንተርኔቱ ይግዛሃ!»

«ልዩ እትም እኮ ናት፣ ሴኞራ።»

«ስማኝ የኔ ንጉሥ፤ እኔም መሳቢያዬ ውስጥ ሠላሳ ልዩ እትም አለኝ። ሃያ ፔሶ ናት፣ ሃያ ትገዛለች። ሂድና ታማል ብላባት፣ መልስም ይተርፍሃል። ቀጥሎ! ነይ ቀዮ፣ ምን ይዘሻል?»

ኤውላሊያ ጨርቁን ፈታች። ቶማሳ ሳንድዊቿን አስቀምጣ እጇን በሽርጧ ጠረገች። ፈረሷን ሚዛን ላይ አደረገቻት፣ አነሳቻት፣ ፊትና ጀርባዋን ሳይሆን ጠርዟን ዞር ዞር እያደረገች አየች፤ በጠርዙ ዙሪያ ፊደል ተቀርጿል። አንድ ቦታ ላይ አውራ ጣቷ ቆመ። ቀና ብላ ኤውላሊያን ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ መዘነቻት።

«ይቺን ከማን ገዛሻት?»

«አልገዛኋትም። የአባቴ ናት።»

«የአባትሽ? መቼ ነው የሞተው?»

«ስምንት ወራቸው።»

ቶማሳ አጭር ሳቅ ሳቀች። «እኔ ውሸት አይዋጥልኝም ቀዮ። ከዚህ በፊት የት አሳየሻት?»

የኤውላሊያ ፊት እሳት ሆነ። ሳንድዊች የምትገምጥ ሴት፣ የሞተ አባቷን አንስታ ውሸታም ትላታለች! ደግሞ ሳንቲሙን አትመልስም፤ ጭብጧ ውስጥ ይዛ ነው የምትጠይቃት። ልትለዋውጥብኝ ነው ብላ ኤውላሊያ ባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ከጣቶቿ መሃል ነጠቀቻት። «ኧረ ቀስ! እብድ ናት እንዴ! ነይ ወዲህ፣ አልጨረስኩም እኮ!» የቶማሳ ድምፅ እስከ መንገዱ ተከተላት።

አላሜዳ መናፈሻ ድረስ ሳትቆም ተራምዳ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳውን ዘንቢል ውስጥ በእጇ ዳበሰችው። ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው።

«ቦርሳው የት ነው?» አለ ፌርሚን፤ ሰላምታም የለ።

«ከኔ ጋር።»

ከጀርባው የጎማ መንፊያው ሲያፏጭ ይሰማል። «የት ነሽ?»

ነገረችው። ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ በቅባት የጨቀየ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። ሊጮህ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሰው ስላለ አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ዘረጋ። ጨርቁን ፈታ። አየ። ደግሞ አየ። ከዚያ ጥቁር ጣቶቹን ቱታው ላይ ጠርጎ በጥፍሩ ከፈረሷ ስር ያለውን ቁጥር ነካ።

«አሥራ አራቱስ?»

«የምን አሥራ አራት?»

«አትጫወቺ ላላ። ይሄ 1910 ነው የሚለው። የአባባ 1914 ነች!» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ትናንት ከሰዓት ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ያነሳው ፎቶ ነው፤ የጠረጴዛው ልብስ አበባ ሳይቀር ይታያል። ያቺው ሴት፣ ያው ፈረስ፣ ያው ችቦ። ከስሩ 1914። ከፈረሷ ኋላ እግር አጠገብ ደግሞ ቀጭን ጭረት አለች። እጇ ላይ ባለችው ጭረቱ የለም። «ሸጥሻት። ሸጥሻትና በርካሽ ይቺን ገዝተሽ ተካሽባት። እኔ ደደብ አይደለሁም።»

«ሳንቲም ዓመት እንዳለው እንኳ ዛሬ ነው ያወቅኩት!»

«ዓመት የሌለው ሳንቲም አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አንተ ራስህ ብትለውጣትስ?»

«እኔ? እኔ ፎቶ ካነሳኋት በኋላ አልነካኋትም፤ ጠዋት ቁምሳጥኑን የከፈትሽው አንቺ!»

ኤውላሊያ ዓይኗን ከስልኩ አነሳች። ልብስ አጥባ ያሳደገችውን ልጅ ፊት አየች፤ እሱም እንደማያውቃት ሴት አያት። እውነትም ነው፤ ትናንት ከሰዓት 1914 ከነበረች፣ ከዚያ በኋላ የነካኋት እኔ ብቻ ነኝ ብላ አሰበች። እኔና ሁለት ነጋዴዎች። ቶማሳ ሳንቲሟን ከኤውላሊያ ዓይን አላራቀቻትም ነበር። ባልታሳር ግን... የከፋይ ትሪው፣ የውሃው ብርጭቆ፣ መጋረጃው። «ሌላም ቦታ ያሳዩ።» እርግጥ ነው! የተለወጠችውን ይዛ በየሱቁ ስትዞር ሁሉም 1910 ናት ይሏታል፤ ማን መጀመሪያ እንደነካት ማን ያስታውሳል? ለስድብ እንኳ የሚሆን ቃል አጣች። የተቆጣችው በሰውየው ብቻ አልነበረም፤ ወንበር ሲሳብላት ደስ ባላት በራሷም ነበር።

ነገረችው። ፌርሚን ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ሰማት። «እሺ፣ እንሂድ» አለ፤ ግን አካሄዱ ሌባ ሊይዝ የሚሄድ ሰው አካሄድ ነበር፣ ሌባዋም አጠገቡ የምትራመደዋ።

ባልታሳር በፈገግታ ተቀበላቸው። ፎቶውን አየ፤ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። «ያሳዝናል። ሴኞራ ይዘውልኝ የመጡት ግን የ1910ዋን ነው፤ ዋጋም የተናገርኩት ለእሷ ነው። አልመለስኩልዎትም? ያየ ምስክር አለዎት?» ከዚያ ለፌርሚን ብቻ፣ በወንድ ለወንድ ድምፅ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ በእኔ ሥራ ብዙ ቤተሰብ አያለሁ። ውርስ ሲመጣ... ገብቶሃል።»

ፌርሚን ወደ እህቱ ዞረ። «ላላ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እዚሁ ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

ከጠዋቱ ወሬ ይልቅ ይሄ አመማት። ጠዋት የሰማችው ሲሰርቃት ነው፤ አሁን ግን በባዕድ ፊት እያዋረዳት ነው፣ ያውም በርኅራኄ ድምፅ። ዞራ ወጣችና መተላለፊያውን በሙሉ አልፋ ደረጃው ስር ቆመች።

«መጣሽ?» አለች ቶማሳ። «ጠዋት ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ ጫማሽ አያልቅም ነበር።»

«ይቺን ሳንቲም ቀድሞ ታውቂያት ነበር?»

«አምጫት።» ቶማሳ ጠርዙን አዞረችና ማጉያውን ዓይኗ ላይ አደረገችላት። ከፊደሎቹ በአንዱ ላይ ደብዘዝ ያለ እብጠት ይታያል። «ብየዳ ነው። የሆነች ሴት የአንገት ጌጥ አድርጋት ነበር፤ ቀለበቱን ሲነቅሉት ጠባሳው ቀረ። በጌጥነት ስለዋለች ዋጋዋ ወረደ። በመጋቢት እኔው ራሴ ሸጥኳት፤ ለማን ብትይ፣ ለባልታሳር። አንቺ መጥተሽ የአባቴ ናት ስትዪኝ፣ ወይ አንቺ ሌባ ነሽ፣ ወይ እሱ ነው አልኩ። ማን እንደሆነ ሳልለይ ነጥቀሽኝ ሮጥሽ።»

ከባንኮኒው ስር ካርቦን ያለበት የደረሰኝ ጥራዝ አወጣች፣ ጣቷን እየላሰች ገለጠች። መጋቢት፤ ባለ ፈረስ አንድ ፔሶ፣ 1910፣ ጠርዙ ላይ የብየዳ ጠባሳ፤ ገዢ፣ የባልታሳር ስምና ፊርማ። «የፊት ለፊቷን ሱቅ ከእጄ የወሰዳት እሱ ነው» አለች ሽርጧን እያጠበቀች፤ «ለጽድቅ ነው አብሬሽ የምሄደው ብዬ አልዋሽሽም።»

ቶማሳ ባልታሳር በር ላይ ስትደርስ ወደ ውስጥ አልገባችም። መተላለፊያው መሃል ቆማ፣ ቅዳሜ ስለሆነ ሰው እንደሞላ አይታ፣ ጥራዙን ከፍ አደረገች። «ባልታሳር! ያቺ ከኔ የገዛሃት ፈረስ እግር አውጥታ እኔ ሱቅ መጣች! ፊርማህን ላንብብላቸው ወይስ አንተ የነሱን ታወጣለህ?» ሰዎች ቆሙ። ኮት የለበሰው ባለ ሃያ ፔሶም ከነሳንቲሙ እዚያ ነበር። ባልታሳር ሰሌዳውን፣ ሰዉን፣ ጥራዙን አየ። ፈገግታው አልጠፋም፤ ብቻ ቦታውን ሳተ። «ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፈረሶች ነበሩ» አለ፤ «ተምታቶብኝ ይሆናል፤ ሰው ነኝ።» ከመጋረጃው ጀርባ ቆይቶ ወጣ። በዚህ ጊዜ ፈረሷን በጨርቅ አልጠቀለላትም። ፌርሚን ፎቶውን ከፍቶ ከሳንቲሟ አጠገብ አደረገው። 1914። ጭረቷም አለች። ማንም ፖሊስ አልጠራም፤ ማንም ይቅርታ አልጠየቀም። ባልታሳር ኤውላሊያ ያስቀመጠችለትን 1910ዋን ከባንኮኒው ላይ በጣቱ ወደ ራሱ ሳባት፤ የሱ ናታ።

ሦስቱ የቶማሳ ሱቅ ውስጥ ተጣብበው ቆሙ። ፌርሚን የእህቱን ዓይን እየሸሸ «ላላ፣ እኔ እኮ...» አለና ተወው። ቶማሳ ፈረሷን መዘነቻት፣ በማጉያም አየቻት።

«ሠላሳ ሺህ። አሁኑኑ፣ በጥሬው።»

ኤውላሊያ የባንኮኒውን ጠርዝ ያዘች። ፌርሚን ግን ፈጥኖ «አይ፣ ሰኞ ሌላ ገዢ አለን» አለ።

«በስንት?» አለች ኤውላሊያ።

ፌርሚን ወደ በሩ ዞረ።

«በስንት ነው ፌርሚን?»

ወለሉን አየ። ጆሮዎቹ ቀሉ። ስድስት ዓመቱ ሳለ የጎረቤት መስታወት ሰብሮ እንዲህ ነበር የቀሉት፤ ያኔ ዋሽታ አድናዋለች። አሁን ጠበቀችው።

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሺህ?»

«ሺህ።»

«አሥራ ሁለት አልነበረም እንዴ?»

ቀና አለ። ከየት እንደሰማች ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፤ ገባውና ዘጋው። ቶማሳ ጀርባዋን ሰጥታቸው የተስተካከሉትን ሳጥኖች እንደገና ማስተካከል ጀመረች።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለ በመጨረሻ። «መብራቱ፣ ጋዙ፣ የአባባ መድኃኒት፤ ሰባት ዓመት ማን ነው የከፈለው? በኔ ቤት አይደል ያስታመምሻቸው?»

«ከፍለሃል። እኔም አጥቤያቸዋለሁ። ብትጠይቀኝ ለጣሪያው እሰጥህ ነበር።»

«አትሰጪም ነበር።»

ኤውላሊያ ልትምል አሰበች። ከዚያ የናቲቪታሷ ክፍል ትዝ አለቻት፤ ለማንም ያልነገረቻት። እሷም ቢጠይቃት ምን ትል እንደነበር እርግጠኛ አልሆነችም። «እንጃ» አለች። «አልጠየቅከኝማ።»

ቶማሳ «ሰኞ ሰውየውን እዚሁ ጥሩት፣ እኔም እስከ ሠላሳ አምስት ልጨምር እችላለሁ፣ ካልሆነም በደህና ይግዛችሁ» አለች። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተባለ። ያኔ ሌላ ነገር መጣ፤ ዛሬ ቅዳሜ ነው። መሃል ላይ ሁለት ሌሊት አለ። ፌርሚን እጁን ወደ ሳንቲሙ ዘረጋ፤ ኤውላሊያም እኩል ዘረጋች። የሁለቱም እጅ ባንኮኒው ላይ ቆመ፣ አንዱ በቅባት የጠቆረ፣ አንዱ በመርፌ የተወጋጋ። ማንም አልነካትም፣ ማንም እጁን አልሰበሰበም።

«እዚህ ልትተዉአት ትችላላችሁ» አለች ቶማሳ፣ እንደ ቀልድ። «ካዝና አለኝ። ደረሰኝ በሁለታችሁ ስም። አንዳችሁ ብቻችሁን ብትመጡ አልከፍትም።»

«እሺ» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን እንደያዘች አየቻቸው። «እኔን? ይቺ ጠዋት እንደ ሌባ ቆጥራ የነጠቀችኝ፣ አንተ ደግሞ ሩብ ቀን እንኳ የማታውቀኝ? እኔን ታምናላችሁ?»

ራሷን ነቅንቃ ጻፈች፤ አንድ ፔሶ ባለ ፈረስ፣ 1914፣ ከኋላ እግሩ አጠገብ ጭረት፤ የኤውላሊያና የፌርሚን ስም። ሃያ ሦስቱንም የብር ፔሶዎች ከነቦርሳው ጨመሩላት፤ እነሱንም ማን ይያዛቸው? የካዝናው በር ሲዘጋ ኤውላሊያን ከጠዋት ጀምሮ ይዟት የነበረው የትከሻ ሕመም ለቀቃት፤ ቀሎኛል ብላ ደግሞ በቀለላት ነገር አፈረች።

በመመለሻው ባቡር የሴቶቹ ፉርጎ ውስጥ መግባት ትችል ነበር፤ አልገባችም። ከሱ ጋር ተሳፈረች። ወንበር አግኝተው ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፌርሚን የደረሰኙን ቅጂ የቱታው ደረት ኪስ ውስጥ ከትቶ ቁልፉን ቆልፎታል፤ እጁ እዚያው ላይ ነው። የኤውላሊያ ቅጂ ጡት መያዣዋ ውስጥ ነው፤ የሷም እጅ እዚያው ነው። ፒኖ ሱዋሬዝ ጣቢያ ላይ ሰው ገብቶ ሲያጣብባቸው ትከሻ ለትከሻ ተነካኩ። ቪያዱክቶን፣ ሾላን አለፉ። ናቲቪታስ ላይ በሩ ሲከፈት ኤውላሊያ ወደ ውጭ አየች፤ ፌርሚን ምን እንደምታይ ሊጠይቃት ፈልጎ ተወው። ቀጣዩ ፖርታሌስ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ተነሱ፤ አንድ ቤት ነው የሚገቡት።